መጋረጃ ቤት የተቀዳ አልበም

«ጊታሩን የመታው እኮ ወንድሟ ነው» ትላለች አክስቴ ስለ እኔ ለደንበኞቿ፣ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋ። «እሷ የመጀመሪያው አልበማቸው ፎቶ ላይ ይዛዋለች እንጂ የመታውስ እሱ ነው። እኔ አላልኩም፤ ሰው ነው የሚለው።» ሰው የሚባለው ማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ምክንያቱም ባለፈው አንድ ዓመት ይህን ወሬ ከሰው ሁሉ አፍ ከሰማሁት ይልቅ ከእሷ አፍ የሰማሁት ይበልጣል። ለጥርስ ሐኪሟ ነግራለች፣ ጨርቅ ለሚያመጣላት ነጋዴ ነግራለች፣ አንዴ ደግሞ እኔ ራሴ አጠገቧ ቆሜ የመጋረጃ ቀለበት እየቆጠርኩላት ለአንዲት ሙሽራ ነግራለች። በክፋት አይደለም። አክስቴ ወሬ የምታወራው መጋረጃ እንደምትሸጠው ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ ማሳየት አለባት። ዛሬም ጠዋት የድራሙን ትልቁን ከበሮ ለሁለት ተሸክመን በበሩ ስንገባ ስልክ ላይ ነበረች። አንዲት ሴትዮ ለሳሎኗ ወፍራሙን ጨርቅ እንድትወስድ እያግባባች፣ «ሜትሩ ላይ ትንሽ እቀንስልሻለሁ» እያለች፣ በመሀል «አዎ፣ የወንድሜ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ እዚህ ሁለተኛ አልበማቸውን ሊቀዱ ነው። አይ፣ ጊታሩንማ እሱ ነው» አለች። ከበሮውን ከኋላ የያዘው ወንድሜ ነበር። ሰምቷል። «ወደ ግራ» አለኝ።

ጥፋቱ የአቀዳዱ ነው። የመጀመሪያውን አልበም የቀዳነው እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ አንድ በአንድ እየገባን ነበር። ወንድሜ ድራሙን መትቶ ወጣ። ቀጥሎ ቀጭኔ ገባ፤ ቀጭኔ የምንለው ቤዝ ጊታር የሚመታልን ልጅ ነው፤ በበር ሲገባ ጎንበስ ማለት ስለለመደበት ሰፊ አዳራሽ ሲገባም ጎንበስ ይላል። ከዚያ እኔ ጊታሬን ይዤ ገባሁ፤ በመጨረሻም ለብቻዬ ዘፈንኩ። ማንም ማንንም አላየም፤ መድረክ ላይም አብረን ወጥተን አናውቅም። ማንም ካላየ ደግሞ ሰው የፈለገውን ያያል። እኛ አገር ሕዝቡ ሮክ አይሰማም፤ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን አፉ ብዙ ነው። እና ያንን ጊታር አንዲት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ልጅ ናት የመታችው ብሎ ከማመን፣ ወንድሟ ነው ማለት ይቀላል። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። መንገድ ላይ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ጊታሩ አንጀት ይበላል!» ሲሉት ፈገግ ይላል። ማታ እራት ላይ ያ ፈገግታ ትዝ ሲለኝ፣ ጨው አቀብዪኝ ቢለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር የተነጋገርነው በጨው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው አልበም ሲመጣ አንድ ነገር ላይ ችክ አልኩ። ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ መቁረጥ መቀጠል የሌለበት። ድራም የሚመታ ሰው ጊታር አይመታም፤ ሦስተኛ እጅ ካላበቀለ። የመጀመሪያው ሲቀዳ ያልነበረው፣ አሁን አልበማችንን የሚያሳትምልን ኩባንያ እሺ አለ፤ ለእኔ አዝኖ ሳይሆን የስቱዲዮ ኪራይ ስለሚቀርለት። የአክስቴ መጋረጃ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ዝግ ነው፣ መቅጃ ዕቃውን እነሱ ያመጣሉ፣ በዚያች አንድ ቀን አልበሙ ካለቀ አለቀ። «ግን» አሉኝ፣ ግን ሳይሉ መቼ ያውቃሉ፣ «ጊታርሽ ካላረካን የራሳችንን ባለሙያ አስገብተን እንደገና እናስመታዋለን። አንቺ ትዘፍኛለሽ።» ፈረምኩ። በእኔ አልበም ላይ ሌላ ሰው ከመታ ወሬው ወሬ መሆኑ ይቀርና እውነት ይሆናል። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም የፈረምኩት። ራሴን ስለማውቅ ነው።

መጋረጃ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል መጋረጃ ተሰቅሎበታል፤ ውዱ በበሩ በኩል፣ ርካሹ ወደ ውስጥ፣ ደንበኛ መጀመሪያ በዋጋ ደንግጦ ኋላ መካከለኛው ርካሽ እንዲመስለው። ያ ሁሉ ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። እዚህ ቤት ውስጥ ብትጮህ እንኳ ጩኸትህ ግድግዳ ነክቶ አይመለስልህም። አምስት ዓመት ያህል ምሽት ምሽት የተለማመድነው እዚሁ ነው፤ እኛ በፊተኛው ክፍል እናንጫጫለን፣ ሰፊዎቹ በኋለኛው ክፍል ማሽናቸው ላይ አጎንብሰው ይሰፋሉ፣ አክስቴ ከመሀሉ መጋረጃ ወዲያ ሆና፣ ስንመታ አንድ ቀን እንኳ ገልጣ ሳታየን፣ ሁለታችንንም ትቆጣለች። ዛሬ ሰፊዎቹ የሉም፤ የኋለኛው ክፍል ጭር ብሏል። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፍተን ድራሙን መሀል ላይ ተከልነው፣ ማይኮቹን በአበባማና በጥልፍ መጋረጃዎች መሀል አቆምን። የድምፅ ባለሙያው፣ ማዳመጫውን ከአንገቱ ስለማያወልቅ ባለ ማዳመጫው ያልነው፣ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። የኩባንያው ሰው ኮቱን የሚሰቅልበት ሲፈልግ ቆየ፤ ሁሉ ነገር በተሰቀለበት ቤት አንድ ምስማር አጥቶ ኮቱን እንደለበሰ ዋለ። ስልኩን ግን ጠረጴዛው ላይ በደንብ በሚታየኝ ቦታ አስቀመጠው። «ባለሙያችን ስልክ እየጠበቀ ነው» አለኝ። «ይህን የምልሽ እንዳትጨነቂ ነው።»

ባለ ማዳመጫው ከኪሱ ትንሽ መቃኛ መሣሪያ አወጣ። «እስኪ አንዷን ክር ምቺልኝ» አለ። መታሁ። መርፌዋ ተነሳችና በሁለት ድምፆች መሀል፣ የማንም ባልሆነ ቦታ ላይ ቆመች። «ወርደሻል» አለ። ሌላዋን ክር መታሁ፤ ያው። ቀጭኔን አስመታው፤ ያው። ባለ ማዳመጫው ቅንድቡን ከፍ አደረገ። «ሁለታችሁም ወርዳችኋል። ያውም እኩል።»

«ጆሮዬ ነው የቃኘው» አልኩት። እውነቴን ነው። ጊታር ያስተማረኝ ሰው የለም። ጣቴን የት እንደማሳርፍ የነገረኝ የለም፣ ኖታ ማንበብ አልችልም፣ መቃኛ መሣሪያ ገዝቼም አላውቅም። ክሩን አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ፣ «አሁን ልክ ነው» የሚል ነገር ውስጤ ሲል አቆማለሁ። ይህ ነገር ከእናቴ ማህፀን ይዤው የመጣሁት ይመስለኝ ነበር፤ ኮርቼበትም አውቃለሁ፤ ተመልካች ሆኜ በሄድኩበት መድረክ ሁሉ የሌሎች ባንዶች ልጆች መቃኛ መሣሪያ ላይ አፍጥጠው ሲቃኙ ሳይ ከንፈሬን እመጥጥ ነበር።

«በመሣሪያው አስተካክሉ» አለ የኩባንያው ሰው። «ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ አይደለም የመጣነው።»

አስተካከልን። ክሮቹ እንደ ሽቦ ጠበቁ። የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመርን፤ የመታነው የራሳችንን ዘፈን ነው፣ የወጣው ግን እንደ እኛ ለብሶ የመጣ እንግዳ ነበር። ቀጭኔ ግራ ገብቶት ጣቶቹን ያያል። እኔ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ስንጥቅ አለ፤ እንደገና ጀመርን፣ እንደገና ስንጥቅ አለ። ዘፈኑ የተሠራው ከዚህ ዝቅ ብሎ ነውና ጉሮሮዬ ወደማያውቀው ደረጃ ዝለል እየተባለ ነበር። ከጣቴ ጫፍ ላይ ቆዳ ተነሳ። ሁለተኛው ዘፈን ከመጀመሪያው ባሰ። ሦስተኛውን ሳንጨርሰው ወንድሜ ድራሙን አቆመ። ባለ ማዳመጫው መቅጃውን ያጠፋል፣ ያበራል። የኩባንያው ሰው ስልኩን አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። እኔ ላብ ያጠመቀኝ ያህል ሆኜ ቆሜያለሁ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የተሳሳትኩት የቱ ጋ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ጣቶቼ ትክክል ናቸው። ትክክል ሆነው ነው የሚዋሹት።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የኩባንያው ሰው ተነሳ። ድምፁን አለስልሶ፣ እንደ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ አንቀያየም» አለ። «ለባለሙያው ከመደወሌ በፊት አንድ ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው አልበም ጊታር ግሩም ነበር። ለምን እንደ በፊቱ አናደርገውም?» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ። «አንተ ምታውና ድራሙን በኋላ እንቀዳዋለን። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እዚህ ማን ይደብቃል?»

አክስቴ ሻይ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። እኔ ወንድሜን አላየሁትም፤ ካየሁት አንድ የማይመለስ ቃል እንደሚያመልጠኝ አውቀዋለሁ። ሲነሳ የወንበሩን ድምፅ ሰማሁ። መጥቶ ፊቴ ቆመና እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ» አለ። ጊታሬን ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት እስካሁን አላውቅም። ማንጠልጠያውን በአንገቱ አጠለቀው፤ ያጠለቀው ግን ገልብጦ ነበር። በግራ እጁ የአንድ ሰው ጉሮሮ እንደሚያንቅ አድርጎ የጊታሩን አንገት ጨበጠና በቀኙ ክሮቹን ጠረጋቸው። የወጣውን ድምፅ ምን ልበለው! ጭራዋን የተረገጠች ድመትም እንዲህ አታላዝንም። አላቆመም። ዓይኑን የኩባንያው ሰው ላይ ተክሎ፣ ጆሮው እየቀላ፣ ከመጀመሪያው አልበም ያንን ሁሉም የሚያውቀውን መግቢያ ሊመታ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስተኛም። ክር ሳተ፣ ጣቱ ተያዘ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ያን ያህል ሰው ፊት ራሱን ሲያዋርድ አይቼው አላውቅም። ሲጨርስ ጊታሩን አውልቆ መለሰልኝና ወደ ድራሙ ተመልሶ ተቀመጠ። «ይኸው ነው የምችለው» አለ። «ይህን ያህል ነው የመታሁት።»

መጀመሪያ የሳቀው ቀጭኔ ነው፤ ከዚያ ባለ ማዳመጫው፤ ከዚያ እኔም። የኩባንያው ሰው ኮቱን አስተካከለ። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንድሜን ታየዋለች።

«እና ዓመቱን ሙሉ አፍህ የት ሄዶ ነበር?» አለችው።

«ደስ ይል ነበር፣ እትዬ» አላት። «ሰው ሲያደንቅህ ደስ ይላል።» ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ ሳይለይ፣ «ቀሽም ነገር ነው ያደረግሁት» አለ።

ከሻዩ ጋር የመጣውን ዳቦ ቆርሼ ግማሹን ሰጠሁት። ለእኛ ቤት ሰው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የኩባንያው ሰው «ለማንኛውም ከሻይ በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ወንድሜ ጊታር መምታት አለመቻሉ እኔ መቻሌን አላረጋገጠም፤ ጠዋቱን ሙሉ የሰማው ነገር ያው ነው። አክስቴ ስኒዎቹን ሰበሰበች፤ ወሬ አልነበራትም፤ ወሬ የሌላት አክስቴ ደግሞ እጇ ሥራ ይፈልጋል። «ያቺ ሙሽራ ነገ ጠዋት ትመጣለች፤ እኔ ጠርዙን ልዘምዝምላት፤ እናንተ ዕረፍት ላይ ናችሁ አይደል» ብላ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች። የትልቁን ማሽን ማብሪያ ስትጫን ቀጭ ሲል ተሰማ። ሞተሩ ተነሳ። እምምም አለ፤ ያ ወፍራም፣ ወጥ፣ ከወለሉ የሚመጣ ድምፅ።

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ የጎደለኝ ነገር ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ገባ። እጄ ሳላዘው ጊታሩን አነሳ፤ ከላይ ሁለተኛዋን ክር መታሁ፤ ከሞተሩ ጋር ተጣላች። አላላኋት፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፤ ድምፅና ድምፅ ተላተሙ፣ ተግባቡ፣ አንድ ሆኑ። «አሁን ልክ ነው» አለኝ ውስጤ። ውስጤ ብዬ የምጠራው ነገር የስፌት ማሽን ኖሯል! አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሞተር ከጀርባችን እያጉተመተመ ነው የተለማመድነው፤ ዘፈኖቹን የሠራነው በእሱ ላይ ነው፤ እየቃኘን ስቱዲዮ የሄድነውም ከዚህ ቤት ነው። ከእናቴ ማህፀን ያመጣሁት ጆሮ ከአክስቴ ኋላ ክፍል የተገዛ ነው። ሳቅም እልህም አንድ ላይ ያዘኝ። ቀጭኔ አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ ቤዙን ያላላል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ከረጅም ጉዞ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነው።

ባለ ማዳመጫው መሣሪያውን አስጠጋ። መርፌዋ ያው፣ የማንም ባልሆነ ቦታ ላይ ቆመች። አያት፣ እኛን አየ፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። «እርስ በርስ ከተስማማችሁ ለእኔ በቂ ነው» አለ። «ሰውየው ሳይመጣ ቶሎ በሉ።»

«እትዬ! አጥፊው!» አልኳት።

«ገና መጀመሬ ነው እኮ!»

«አጥፊው፣ ስልሽ ታበሪዋለሽ!»

ሞተሩ ቆመ። ወንድሜ በበትሮቹ ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሰው መናገር ይከብደኛል። ጠዋት እንግዳ የነበረው ዘፈን ጫማውን አውልቆ ገባ። ጣቶቼ ክሮቹን አገኟቸው፣ ክሮቹም ጣቶቼን። ያ ድምፄን ሲሰነጥቀው የዋለው ከፍታ ስደርስበት ከፍታ አልነበረም፤ በየቀኑ የምወጣው ደረጃ ነበር፤ ረግጬው አለፍኩ። ወንድሜ እንደዚያ ድራም ሲመታ ሰምቼው አላውቅም፤ የዓመት ዕዳውን በከበሮ የሚከፍል ይመስል፣ እኔ ስወጣ ከሥሬ ሆኖ፣ እኔ ስወርድ ቦታ እየለቀቀልኝ። መግቢያውን ስመታ አክስቴ ከኋለኛው ክፍል ብቅ አለች፤ መጋረጃውን በእጇ ገልጣ፣ መቀሷ ጣቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ፊቴን ሳይሆን እጄን እያየች። እስከ መጨረሻው ከእጄ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። በጨርቅ ላይ ሐሰተኛ ሐር የምትለይበት አስተያየት ነበር።

የኩባንያው ሰው በሁለተኛው ዘፈን መሀል ተመለሰ። በሩን ሊገፋ ሲል ቀጭኔ በረጅም እግሩ ገታው፤ ቤዙን ሳያቋርጥ። ሰውየው በበሩ ስንጥቅ ሆኖ ሰማ። ስንጨርስ ገባ፤ አፉን ከፈተ፤ ባለ ማዳመጫው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ቀጥሉ» አለን። ቀጠልን። በሁለት ዘፈን መሀል ክር ሲላላ «እትዬ አብሪው!» እላለሁ፣ ቀጭ፣ እምምም፤ «አጥፊው!» እላለሁ፣ ቀጭ፣ ጸጥ። በአራተኛው ላይ ሳልላት ታበራው ጀመር። በስድስተኛው ላይ ቀጭኔን «አንተ፣ የታችኛዋ ክርህ ወርዳለች» አለችው፤ ልክ ነበረች። ጠዋት የሞተው ዘፈን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ተነሳ። አንዱን እንኳ ከሁለት ጊዜ በላይ አልመታንም። የመጨረሻውን ስንጀምር የፀሐይ ብርሃን በውዱ መጋረጃ በኩል እየገባ መላው ክፍል ወይን ጠጅ መስሎ ነበር፤ ስንጨርስ የመጨረሻዋ ድምፅ ጨርቁ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ባለ ማዳመጫው ቀስ ብሎ አጠፋ። ማዳመጫውን አወለቀ፤ ጆሮ እንዳለው ያየነው ያኔ ነው።

«አልበም አላችሁ» አለ።

ወንድሜ በትሮቹን ወደ ጣሪያ ወረወራቸው፤ አንዱ መጋረጃ ዘንግ ላይ ቀረ። ቀጭኔ አክስቴን አቅፎ ከመሬት አነሳት፤ «አውርደኝ አንተ ረጅም፣ ወገቤን!» እያለች ትስቃለች። እኔ ጊታሬን እንዳነገትኩ መሀል ወለሉ ላይ ቆሜ፣ በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ የሚቀናብኝ ሰው ካለ መብቱ ነው አልኩ። ዕቃ መሰብሰብ ሳንጀምር የአክስቴ ስልክ ጮኸ። የጠዋቷ ሴትዮ ናት። አክስቴ ጨርቁንም ዋጋውንም ትታ፣ «አየሽ፣ ጊታሩን የምትመታው እኮ እሷ ናት፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለች። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ተጠየቀች። «እኔ? እኔ መቼ ወጣኝ! ሰው ነው እንጂ የሚለው። እኔማ ማሽኑን ሳይቀር ያበራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ የትም አይደርሱም።» በጆሮዬ ሰማሁ። ይህኛው ወሬ ይሩጥ፤ መንገዱን ማን ይዘጋበታል።

የኩባንያው ሰው ሊሰናበተኝ መጣ። እጄን ጨበጠ፤ አለቀቀውም። «ይቅርታ» አለ፣ «ስላስጨነቅሁሽ።»

«አልተጨነቅሁም» አልኩት። ውሸቴን ነው። «ለባለሙያዎ ግን ደውለው ይንገሩት፤ ስልኩን ታቅፎ እንዳያመሽ።»

ሳቀ፤ መሬት መሬት እያየ። «ማንም አይጠብቅም» አለ። «ከሳምንት በፊት ነው ሥራውን የመለሰው። የመጀመሪያውን አልበማችሁን ሰጥተነው፣ አጥንተህ ና ብለነው፣ ሌት ተቀን ሞክሮ አልሆነለትም። ‹ጊታሯን የት እንደምትቃኘው ላገኘው አልቻልኩም፤ የምታስተምር ከሆነ ስልኳን ስጡኝ› ብሎናል።»